በተገለጠ ዓይን ማንበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ብዙ ጊዜ የሰማነውን ነገር ማድመጥ ከባድ ነው። ቃለ እግዚአብሔር ኃይሉን አያጣም፤ ኃይል የሚያጣው የለመደው ጆሮ ነው። ይህም ደዌ ይልቁን የሚያገኘው ከመጽሐፍ የራቁትን ሳይሆን ለመጽሐፍ ቅርብ የሆኑትን ነው። ዳዊትን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የያዘ ካህን፥ በየሰንበቱ ወንጌል ሲነበብ ቆሞ የሰማ ምእመን፥ የመጀመሪያው ቃል ከአንባቢው አፍ እንደ ወጣ መጨረሻውን ስለሚያውቀው ልቡን አስቀድሞ ይዘጋል። የጠፋው ልጅ እንደሚመለስ ያውቃል፤ አልዓዛር ከመቃብር እንደሚወጣ ያውቃል፤ ጴጥሮስ እንደሚክድ፥ ክዶም እንደሚያለቅስ ያውቃል። ያወቀ ስለሚመስለውም አይመለከትም። ዓይኑ በገጹ ላይ ያልፋል፥ አፉም ቃሉን ያደርሳል፤ ልቡ ግን በሌላ ስፍራ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ነገር መጽሐፍ ቅዱስን በተገለጠ ዓይን ስለ ማንበብ ነው። በተገለጠ ዓይን ማንበብ ስንል አዲስ ትምህርት መፍጠር፥ ከአባቶች ያልተቀበልነውንም ነገር መጨመር ማለታችን አይደለም። ነገሩ በተነገረበት ስፍራ በሕሊና ቆሞ፥ ሰዓቱንና መንገዱን፥ የተናጋሪውንና የሰሚውን ፊት አይቶ፥ በመጨረሻም እኔ ከእነዚህ ሰዎች መካከል በየትኛው ስፍራ ቆሜአለሁ ብሎ መጠየቅ ማለታችን ነው። ሕሊና እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት የተሰጠን ዓይን ነው፤ ዓይንም ካልተገለጠ መብራት ቢበራለት አይጠቀምም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የእኛው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ይበቃናል (የሐዋ. 8፥26-40)። ይህ ሰው በንግሥቲቱ በሕንደኬ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ታላቅ ባለሥልጣን ነው። በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሰረገላ ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ሲጠይቀው፥ እንደ ባለሥልጣን ተቈጥቶ ሰረገላውን ማስነዳት ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ እንግዳውን አጠገቡ አስቀመጠው። ቀጥሎ የጠየቀውን ነገር ልብ ብለን እንመልከት። የጠየቀው ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር፥ ስለ ራሱ ይሁን ወይም ስለ ሌላ ሰው ነበር። የቃሉን ፍች ብቻ አልጠየቀም። በሸላቾቹ ፊት ዝም ያለው በግ በቃል ብቻ አላለፈውም፤ ከጽሕፈቱ በስተኋላ ፊቱን ገና ያልለየው አንድ የሚሠቃይ ሰው ቆሞ ታየው፥ እርሱም ማን እንደ ሆነ ሊያውቅ ወደደ። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ወደ ጌታው ይደርሳል፤ ሁሉን አውቄአለሁ የሚል ግን ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ ቢያነብ ጥቅልሉን ይጨርሳል እንጂ ማንንም አያገኝም።

አባቶቻችንም በዚህ ጥያቄ ላይ ትምህርት ቤት ሠሩበት። ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ የተከፈለው የመጻሕፍት ትርጓሜ፥ ንባቡ ከቀና በኋላ ጉዞውን የሚጓዘው አንድም በምትባል አንዲት ቃል ነው። መምህሩ ንባቡን ብሎ ይተረጕመዋል፤ ተማሪው ነገሩ ተፈጸመ ብሎ ሊያርፍ ሲል መምህሩ አንድም ይላል፥ የተዘጋ የመሰለውም ደጅ እንደ ገና ይከፈታል። በጎንደር ዘመን የተነሡት መምህር ኤስድሮስ ያቀኑት የታች ቤት ትርጓሜ ዛሬም በጉባኤ ቤቶቻችን በብዛት የሚነገረው ነው። አንድም ማለት የመጀመሪያው ፍች ሐሰት ነበረ ማለት አይደለም። ገና አልጨረስህም፥ ተመልሰህ ተመልከት ማለት ነው። እንግዲህ ደጋግሞ በአዲስ ዓይን ማየትን ከባዕድ የምንማረው አይደለም፤ የራሳችን ጉባኤ ቤት ሥርዓት ነው። ነገር ግን አንድሙን ራሱን እንደ ንባቡ በቃል ብቻ ይዘን፥ ሳናይ የምናወርደው ከሆነ፥ መምህራኑ ዓይናችንን ሊገልጡበት የሰጡንን መሣሪያ የዓይን መሸፈኛ አድርገነዋል ማለት ነው።

ሊቃውንቱ በቃል የሠሩትን ሠዓሊዎቻችን በቀለም ሠርተውታል። ወደ አራዳ ወጥቶ ወደ መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚገባ ሰው ይህን በግድግዳው ላይ ያያል። ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከዐድዋ ድል በኋላ በኢጣሊያዊው መሐንዲስ በሴባስቲያኖ ካስታኛ ንድፍ የተሠራ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከንጉሠ ነገሥቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ዐድዋ መዝመቱን፥ ድሉም በበዓሉ ቀን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም። በዚሁ ቤት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች እሳት ለቀቁበት፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ፥ በውስጡም የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ይታያሉ። የተቃጠለ ግድግዳ እንደ ገና ወንጌል ሊሣልበት መቻሉ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

በሀገራችን የቀድሞ የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ተገልጦ ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን ከጎን አንድ ዓይን ብቻ እየታየ ይሣላሉ። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናትም የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ ይዞ በባሕረ ኤርትራ ሲሰጥም ይታያል። በሙሴ ዘመን ጠመንጃ እንዳልነበረ አባቶቻችን አያውቁም ነበር የሚል ሰው ካለ ነገሩን በቀላሉ ተመልክቶታል። ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገው፥ ፈርዖን ድሮ ሰጥሞ የቀረ አንድ ንጉሥ ብቻ አይደለም፥ በዘመንህ መሣሪያ ታጥቆ ይነሣል፤ እግዚአብሔርም ዛሬ እንደ ትናንቱ ነው ሲል ነው። የሁለቱ ዓይኖችም ነገር ለአንባቢ ምሳሌ ይሆነናል። አንዱ ዓይን ንባቡን ያያል፤ ሁለተኛው ንባቡ የሚናገርለትን ሕይወት ያያል። በአንዱ ብቻ የሚያነብ ሰው በሥዕሉ ሥርዓት ከየትኞቹ ወገን እንደሚቈም ራሱ ያስተውል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማስፈለጉን የሚያስብ አንባቢ አለ፥ ማሰቡም ተገቢ ነው። ሕሊና የተሰጠን እንድናይበት ቢሆንም ልብ ወለድ ለመፍጠርም ይመቻል። በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጽሐፍ ያላለውን እንደ መጽሐፍ አድርጎ የሚናገር ሰው በዘመናችን አልጠፋም። ስለዚህ ሕሊናችን ያየውን ሁሉ ከመቀበላችን በፊት መመዘን አለብን። በፒያሳ የወርቅ ቤቶች ወርቅ ይዞ የሚገባ ሰው ቀለሙ ስላማረ ብቻ ዋጋ አይከፈለውም፤ ባለሙያው ፈትኖ፥ መዝኖ ነው የሚቀበለው። የእኛም ሚዛን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ያየነው ነገር ንባቡን የሚሽር አይሁን፤ መጽሐፍ ያልተናገረውን ታሪክ እንደ ታሪክ አናስተምር። ሁለተኛ፥ ከቅዱሳን አባቶች ሃይማኖት የሚወጣ አይሁን። ሦስተኛ፥ ወደ ንስሐና ወደ ፍቅር የሚወስድ ይሁን፤ ባልንጀራን የሚያስንቅ ትርጓሜ ምንም ቢረቅቅ ሚዛን አይደፋም።

አሁን በዚህ ሚዛን እየመዘንን አንዱን ምሳሌ፥ ሁላችን የምናውቀውን፥ የወይኑን አትክልት ሠራተኞች ነገር እናንብብ (ማቴ. 20፥1-16)። አባቶች ይህን ምሳሌ በዘመናት አነጻጽረውታል፤ በማለዳ የተጠሩትን በአዳም ዘመን፥ ከዚያ በኋላ የተጠሩትን በኖኅ፥ በአብርሃምና በሙሴ ዘመን፥ በ11 ሰዓት የተጠሩትን በጌታችን መምጣት ካመኑት ከአሕዛብ ጋር አስተያይተዋል። አንድም በሰው ዕድሜ አነጻጽረውታል፤ ከሕፃንነት፥ ከጉልምስናና ከእርጅና ጋር አስተያይተዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በትንሣኤ በዓል ባስተማረው ታዋቂ ስብከት በ11 ሰዓት የመጣው ሰው እንዳይፈራ ከዚሁ ምሳሌ ተነሥቶ አጽናንቷል። እነዚህን ፍችዎች በእጃችን ይዘን፥ ወደ ስፍራው ደግሞ እንውረድ።

ስፍራው አደባባይ ነው። በጽርዕ ቋንቋ አጎራ ይባላል፤ ገበያም ሸንጎም የሚቆምበት ነው። የእኛ ፒያሳም ስሙን ያገኘው አደባባይ ከሚለው የኢጣሊያ ቃል ነው፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያም በጠላት ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ የከተማይቱ ዋና ገበያ ነበረ። እንግዲህ ይህን ወንጌል በአራዳ ቆሞ ለሚያነብ ሰው አደባባይ ምን እንደ ሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በሌሎች አገሮች መጽሐፉን የሚተረጕሙ ሰዎች 3 ሰዓት ያለውን 9፥ 11 ሰዓት ያለውን 5 ብለው ለመለወጥ ይገደዳሉ፤ የእኛ ሰዓት ግን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሚቈጠር የወንጌሉ ሰዓት በእጃችን ካለው ሰዓት ጋር አንድ ነው። በ11 ሰዓት በፒያሳ ጥላው ምን ያህል እንደሚረዝም፥ ነጋዴው ዕቃውን ሲሰበስብ፥ ሰው ወደ ቤቱ ሲቸኩል እናውቃለን። ጌታችን የተናገረው ስለዚያች ሰዓት ነው።

በከተማችን አደባባዮች የቀን ሥራ ፈልገው ማለዳ የሚቆሙትን ሰዎች ያላየ የለም። አሠሪ ሲመጣ ጠንካራው አስቀድሞ ይመረጣል፤ ክንደ ሰፊው፥ ወጣቱ፥ የሚታወቀው ይሄዳል። እስከ 11 ሰዓት የሚቀረው ማን ነው? ሰነፍ ነው ብለን ብዙ ጊዜ ሰብከን ይሆናል፤ ንባቡ ግን ስንፍናን አልመሰከረባቸውም። ለምን እንደ ቆሙ ሲጠየቁ የመለሱት የሚቀጥራቸው ሰው አለማግኘታቸውን ነው። ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ በ6 ሰዓት ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። ቀኑን ሙሉ መቆማቸው ተስፋቸው ገና እንዳልሞተ፥ ወይም ባዶ እጃቸውን ወደ ልጆቻቸው መግባት እንዳቃታቸው ያሳያል። ይህን ማሰብ በንባቡ ላይ መጨመር አይደለም፤ ንባቡ ያለውን ማየት ነው።

ደግሞም ባለቤቱን እንመልከት። ይህ ሰው ደመወዝ የሚከፍልለት አዛዥ አለው፤ ሆኖም ሠራተኛ ለመጥራት አዛዡን አልላከም። በማለዳ፥ በ3፥ በ6፥ በ9፥ በ11 ሰዓት አምስት ጊዜ ራሱ ወጣ። ወይኑ እንዲለቀም ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ምን አወጣው? የወይኑ ጌታ ስለ ወይኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ቆሙት ሰዎች ይወጣ ነበር። በመሸም ጊዜ ከፈለ፤ የኦሪት ሕግ ድሀው ሠራተኛ ነፍሱ በደመወዙ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛልና (ዘዳ. 24፥15)። ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ፥ ማለት የአንድ ቤት የዕለት እንጀራ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ከ12 ሰዓት ሥራ ያንሳል፤ በ11 ሰዓት የመጣው ሰው ልጆች ረኃብ ግን በማለዳ ከመጣው ሰው ልጆች ረኃብ አያንስም። ባለቤቱ በሥራው መጠን ቢከፍል ፍትሕ ይሆን ነበር፤ በረኃቡ መጠን ከፈለ፥ ይህም ምሕረት ሆነ። ከፊተኞቹም ከተስማሙበት አንዳች አላጐደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷል፥ እርሱም የአከፋፈሉ ተራ ነው። ባለቤቱ ከኋለኞች ጀምሮ እስከ ፊተኞች እንዲከፈል አዘዘ። ተራው ቢገለበጥ ኖሮ ፊተኞቹ ዲናራቸውን ተቀብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱ፥ ማጉረምረምም ባልኖረ ነበር። ስለምን ቆመው እንዲያዩ አደረጋቸው? ዓይናቸውን ሊፈውስ ስለ ወደደ ነው። በመጨረሻ አንዱን አጉረምራሚ ሲናገረው፥ እርሱ ቸር በመሆኑ የዚያ ሰው ዓይን ስለ ምን እንደ ከፋች ይጠይቀዋል። ምሳሌው የተጀመረው በአደባባይ የቆሙትን በሚያይ በባለቤቱ ዓይን ነው፤ የሚጨርሰው ደግሞ የባልንጀራውን እንጀራ ማየት ባቃተው በሠራተኛው ዓይን ነው።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ እኛ በዚህ ምሳሌ የትኞቹ ነን? ስናስተምረው ብዙ ጊዜ ራሳችንን ከባለቤቱ ወይም ከአዛዡ አጠገብ እናቆማለን። ነገር ግን ከሌሊት ማኅሌት ጀምሮ የቆምን፥ ከልጅነት በቆሎ ትምህርት ቤት የተራብን፥ የቀኑን ድካምና ሙቀት የተሸከምን እኛ ነን። የማለዳዎቹ ሠራተኞች እኛ ነን። የማጉረምረሙም ፈተና የእኛ ነው። ትናንት በፒያሳ መጠጥ ቤቶች ያመሸ ወጣት ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ሲያለቅስ በየትኛው ዓይን እናየዋለን? ሥርዓቱን አያውቅም፥ ነጠላውን እንደሚገባ አላጣፋም፥ የት እንደሚቆም ግራ ገብቶታል። በአንድ ዓይን ያየነው እንደ ሆነ ስሕተቱን ብቻ እናያለን።

ምእመናን ሆይ፥ ነገሩ የካህናት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ሰፈር፥ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፥ ለከተማው ልማት ሥራ ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማይቱ ዳር ሄደዋል። ከእነዚያ መካከል አንዲት እናት በሕሊናችን እናስብ። ከልጅነቷ ጀምሮ በእግሯ ደርሳ ስትሳለመው ከኖረችው ደብር ዛሬ ብዙ መንገድ ርቃለች፤ በጨለማ ተነሥታ፥ መጓጓዣ ጠብቃ፥ ቅዳሴው ከተጋመሰ በኋላ ትደርሳለች። ከጎኗ የቆመችው ሴት ዞር ብላ ታያትና በልቧ ይህች ሁልጊዜ ዘግይታ ትመጣለች ትላለች። ዘግይታ የመጣችው ግን ከሁሉ ቀድማ የተነሣችው ናት። የ11 ሰዓቱን ሰው በወንጌል ገጽ ላይ ለማየት የሠለጠነ ዓይን እርሷን በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ያውቃታል፤ ወንጌሉን በልማድ የሰማ ግን በዚያው ሰንበት ምሳሌው ቢነበብለት እንኳ አያውቃትም።

ይህ ማንበብ እንዴት ይለመዳል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጥቂት ምክር እንጨምር። አንደኛ፥ ከማንበብ በፊት አጭር ጸሎት ይቅደም፤ ዓይንን የሚገልጥ ባለቤቱ ነውና። ሁለተኛ፥ ብዙ ምዕራፍ ከመሮጥ አንድ ታሪክ ለሳምንት መያዝ ይሻላል። ሰኞ ስፍራውንና ሰዓቱን፥ ማክሰኞ የተናገሩትን፥ ረቡዕ ዝም ያሉትን ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ምሥጢሩ ዝም ካሉት ዘንድ ይገኛልና። ሐሙስ የአባቶችን ትርጓሜ አንብቦ ወይም መምህር ጠይቆ ያየውን ይመዝን፤ ጃንደረባውም ያለ ፊልጶስ አልተሻገረምና። ዓርብ ራሱን በታሪኩ ውስጥ ይፈልግ፥ ይልቁንም ሊሆን ከማይወድደው ሰው ስፍራ ጀምሮ ይፈልግ። ቅዳሜ ያየውን በአንድ ሥራ ይፈጽም። እሑድ ወንጌሉ ሲነበብ ደግሞ እንደ አዲስ ይስማ። ወላጆችም ለልጆቻቸው ሲያነቡ ታሪኩን ከመጨረስ በፊት ቆም ብለው አንተ በዚያ ብትኖር ምን ታደርግ ነበር ብለው ይጠይቁ። የልጅ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የአዋቂን እንቅልፍ ይቀሰቅሳል። የንባብ ተራ ያለው ዲያቆንም በዐውደ ምሕረት ከመቆሙ በፊት ንባቡን በቤቱ አንድ ጊዜ ለራሱ ነፍስ ያንብበው፤ ያላየውን ነገር ለሌላው ማሳየት አይችልምና።

ወዳጆች ሆይ፥ መጽሐፉ አልደከመም፥ ባለቤቱም መውጣቱን አልተወም። ዛሬም በማለዳ፥ በ3፥ በ6፥ በ9 ሰዓት፥ ሊመሽም ሲል ወደ አደባባዩ ይወጣል። ያነበብነውን ያየን እንደ ሆነ ከእርሱ ጋር አብረን ወጥተን የቆሙትን እንጠራለን፤ ሳናይ ያነበብን እንደ ሆነ ግን ዲናራችንን በእጃችን ጨብጠን የባልንጀራችንን እጅ እየተመለከትን እናጉረመርማለን። ከዚህ ዓይነት ዕውርነት ይጠብቀን፥ ዓይነ ልቡናችንንም ይግለጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።